ቺፕ ወይስ ጄል ፓክ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የዛፍ ጥላ ስር ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። ስታር ትሬክ በሚባለው የጠፈር ጉዞ ልብ ወለድ ፊልም ውስጥ ያለ መርከብ ኮምፒውተር በምን ቢሠራ ይሻላል?

ኢንተርፕራይዝ የተባለችው መርከብ በፈረንጆች 1987 በጀመረው ተከታታይ ፊልም አይሶሊኒየር ቺፕ ትጠቀማለች። ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ቁራጭ ነው። ነቅለህ ሌላ ትሰካለህ፤ አለቀ። የሚይዘው መረጃ በ«ኳድ» ይለካል። ኳድ ስንት ባይት እንደሆነ ግን ሆን ተብሎ አልተነገረም፤ የእውነቱ ኮምፒውተር ቶሎ እንዳይቀድመው። በጣም የምወደው ብልሃት ነው!

በ1995 በሌላ ተከታታይ ፊልም የመጣችው መርከብ ቮዬጀር ደግሞ ጄል ፓክ፣ ማለትም የነርቭ ሴል ያለበት የጄል ከረጢት፣ ጨመረች። ፈጣን ነው። ግን ሕይወት ያለው ነገር ይታመማል። አንዴ ከአይብ የተነሳ ባክቴሪያ ጄሉን በከለው።

እኔ ቺፑን እመርጣለሁ። በድሬ ሙቀት ወተት እንኳ ቶሎ ይበላሻል። ጓደኛዬ ግን ጥሩ መልስ ነበረው፦ ጄሉን ያዳነውም ሙቀት ነው፤ ልክ እንደ ትኩሳት አግለውት ነው ባክቴሪያው የሞተው።