የሦስት ሳምንት ዕረፍት፣ የዓመት ጸጉር

ለሦስት ሳምንት አገር ቤት የሚገባ ሰው ጥርሱን ያሳያል፣ መነጽር ያሠራል፣ አሁን አሁን ደግሞ ጸጉሩንም ይዞ ክሊኒክ ይዞራል። ጥርስና መነጽር ከመመለሻ ትኬቱ በፊት ያልቃሉ። ጸጉር ግን በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ነገር የለውም፤ አንድ ያረፈ ሥር እንደገና እስኪያበቅል ሦስት አራት ወር ይወስዳል፣ የየትኛውም ሕክምና ውጤት ከስድስት ወር በፊት በቅጡ አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያየኋቸውን አገልግሎቶች የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ዕረፍት ተጀምሮ የሚያልቀው የቱ ነው? የግል ክሊኒኮቹን ስም አላነሳም። ዋጋም አልጽፍም፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ የዛሬ ዋጋ ለከርሞ መንገደኛ ብዙም አይረባም።

ከሁሉም ያረካኝ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ምርመራው። ደህና የቆዳ ሐኪም መጀመሪያ ምንም አይሸጥም፣ ይስባል እንጂ። ሃምሳ ስልሳ የሚሆን ጸጉር በጣቶቹ መሀል ይዞ ከሥር ወደ ጫፍ በቀስታ ይጎትታል፤ ከስድስት በላይ ከወጣ መርገፉ ገና አልቆመም ማለት ነው። ቀጥሎ ደርሞስኮፕ በሚባለው ባለመብራት ማጉያ ሥሮቹን ያያል። ወፍራምና ቀጭን ጸጉር ተደባልቆ ከታየው በዘር የሚመጣውን መሳሳት ይጠረጥራል። ጸጉሩ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ጠፍተው ቆዳው ልሙጥ ከሆነ ግን ጠባሳ ነው፤ እዚያ ላይ ቅባትም ሌዘርም አያበቅልም።

ሴቶች ላይ ሁለት ነገር በደንብ መለየት አለበት። አንደኛው የመጎተት ጉዳት ነው፤ ጠበቅ ያለ ሹሩባና ከባድ ሂውማን ሄር ጆሮ ግንዱንና ግንባሩን ያሳሳል፣ ከፊት ለፊት ግን ስስ የሆነች የጸጉር መስመር ትቀራለች። ያቺ መስመር ካለች ምርመራው ግማሽ ተጠናቋል። በጊዜ ከተደረሰበት ይመለሳል፣ ዓመታት ከቆየ ሥሩ ይሞታል። ሁለተኛው ከመሀል አናት ይጀምርና እንደ ክብ እየሰፋ የሚሄደው ጠባሳ አምጪ በሽታ ነው፤ ማሳከክና ማቃጠል ሊኖረው ይችላል፣ ላይኖረውም ይችላል። ይህኛው እርግጠኛ ለመሆን ባዮፕሲ ይፈልጋል፦ በማደንዘዣ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ናሙና ትወሰዳለች፣ አንድ ሁለት ስፌት ይገባል፣ ስፌቱ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ናሙናው ከልሙጡ መሀል ከተወሰደ ጠባሳ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጸጉር ገና ካለበት ከዳሩ መወሰድ አለበት። ለባለ ሦስት ሳምንት መንገደኛ በትክክል የሚበቃው አገልግሎት ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከተሠራ ስፌቱም ውጤቱም ከመሄጃ በፊት ይደርሳል። ውጤቱን በጽሑፍ፣ ከተቻለም ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ብሎክ ጭምር መቀበል፤ ውጭ ያለው ሐኪም ሁለተኛ እንዳይቆርጥ ያግዛል።

ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ቢታወቅም ከአገሪቱ ዋና ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው። የሕዝብ ሆስፒታል ወረፋ የታወቀ ነው፤ ጊዜ የሌለው የግል የቆዳ ክሊኒክ ቢሄድም የሚጠይቀው ያው ነው፣ ደርሞስኮፕ አላችሁ? ባዮፕሲ ትወስዳላችሁ? ሁለቱም ከሌሉ የሚሸጥልህ በአንድ ክፍያ የታሰረ የሕክምና ጥቅል ብቻ ነው።

የደም ምርመራው ቀላል ነው፦ ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን፣ የታይሮይድን ሥራ የሚያሳየው ቲ.ኤስ.ኤች.፣ እንደ ሁኔታው ቫይታሚን ዲ። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የብረት ክምችቱ፣ ማለትም ፌሪቲኑ፣ ሊያንስ ስለሚችል አንዱ ሌላውን አይተካም። እዚህ ላይ የምናበላሸው እኛው ነን። በሻንጣ ለዘመድ የምንጭነው «ለጸጉርና ለጥፍር» የሚባለው ቫይታሚን ውስጡ ባዮቲን ነው፤ ሰው በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ ክኒኑ ግን 5 ወይም 10 ሚሊግራም ይይዛል። ያ ብዛት አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ያሳስታል፣ ቲ.ኤስ.ኤች. ዝቅ ብሎ እንዲነበብ አድርጎ ጤነኛውን የታይሮይድ በሽተኛ ያስመስላል። ደም ከመሰጠቱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት መቆም አለበት። ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ከቀዶ ሕክምና ሁለት ሦስት ወር በኋላ በእጅ እፍኝ የሚረግፍ ጸጉር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይመለሳል፤ በዚያ ወቅት የተሸጠ ማንኛውም ነገር «ሠራ» ይባላል።

ፒ.አር.ፒ.፣ ማለትም ከራስ ደም ተለይቶ ራስ ቆዳ ላይ የሚወጋው ፕላዝማ፣ አሁን በየክሊኒኩ አለ። ከክንድ ከ10 እስከ 20 ሚሊሊትር ደም ይቀዳል፣ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) የበዛበት ቢጫ ፕላዝማ ተለይቶ በቀጭን መርፌ በየሴንቲሜትሩ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ራስ ቆዳ ውስጥ ይገባል። በዘር ለሚመጣ መሳሳት መጠነኛ ጥቅም አለው፣ ለጠባሳ የለውም። መርፌ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀይ ከሆነ ቀይ የደም ሴል ገብቶበታል። መሽከርከሩ መሀል መብራት ከጠፋ የተለየው ተመልሶ ሊደባለቅ ይችላል፣ እንደገና መሠራት አለበት። ቱቦውና መርፌው ዓይን እያየ ከታሸገበት ይከፈት፣ ቱቦው ላይ ስም ይጻፍ፤ የሌላ ሰው ፕላዝማ መወጋት ቀልድ አይደለም። ዋናው ችግር ግን ካላንደሩ ነው። የተለመደው ሥርዓት በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ነው። «ዳያስፖራ ስለሆንክ ሦስቱንም በሦስት ሳምንት እንጨርስልሃለን» የሚለው ለገንዘብ ተቀባዩ እንጂ ለጸጉሩ አይመችም።

ሌዘር ጋ ስንደርስ ቃሉ ራሱ ያስቃል፤ በአንድ ሕንፃ ታች ጸጉር ለማጥፋት፣ ላይ ጸጉር ለማብቀል «ሌዘር» ይሸጣል። መሣሪያዎቹ ይለያያሉ። የሚያጠፋው 755፣ 808 ወይም 1064 ናኖሜትር ጨረር በከፍተኛ ኃይል ሥሩን አሙቆ ይገድላል። «ያበቅላል» የሚባለው 650 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃን ነው፤ እያንዳንዷ ዳዮድ (ብርሃን ሰጪዋ ነጥብ) 5 ሚሊዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ናት፣ ቆዳ እንኳ አታሞቅም። ጉዳት አያደርስም፣ ለዚህም ነው ለመሸጥ የሚመቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ሄርማክስ የተባለውን የሌዘር ማበጠሪያ ለገበያ እንዲቀርብ ፈቅዷል፤ ይህ ግን መድኃኒት ሲጸድቅ እንደሚደረገው ዓይነት ማረጋገጫ አይደለም፣ ቀድሞ ገበያ ላይ ካለ መሣሪያ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ የሚሰጥ ማለፊያ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የፈቃዱ ወረቀት ላይ ያለው ነው፦ ፊትዝፓትሪክ በተባለው የቆዳ ቀለም መለኪያ ከ1 እስከ 4 ላሉ ሰዎች ይላል። መለኪያው እስከ 6 ይሄዳል፤ ከእኛ ብዙው 5 ላይ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ፈቃዱ ሲጻፍ እኛ አልታሰብንም ማለት ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ብርሃን ይመጥጣል፣ ሹሩባና ዊግ ደግሞ ጨርሶ ይጋርዳል። አጠቃቀሙ በሳምንት ሦስት ቀን ለ26 ሳምንት ነው እንበል፤ 78 ጊዜ መሆኑ ነው። በዕረፍት ላይ የሚደርሰው ቢበዛ 9 ነው። ሌዘሩን የፈለገ የሌዘር ኮፍያ ገዝቶ ቤቱ ያድርገው፣ የክሊኒክ ጥቅል ግን አልመክርም።

ንቅለ ተከላው ከባዱ ነው። አዲስ አበባም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ግን በኢስታንቡል ሲያልፍ ሦስት ቀን ያድራል፦ አንድ ቀን ሥራው፣ በማግስቱ ፋሻ መፍታት፣ ከዚያ የመጀመሪያው እጥበት። ኤፍ.ዩ.ኢ. በሚባለው ዘዴ ከማጅራት በላይ ካለው ጸጉር ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ምላጭ ከአንድ እስከ አራት ጸጉር የያዘ ግራፍት አንድ በአንድ ይነቀላል። ከ2,000 እስከ 3,000 ግራፍት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። የእኛ ከርዳዳ ጸጉር ከቆዳ በላይ ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታችም ይጠመዘዛል፤ ቀጥ ብሎ የገባ ምላጭ ሥሩን መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ሃያ ያህል ግራፍት አውጥቶ በማጉያ ማየት፣ ከአሥሩ ከአንድ በላይ ከተቆረጠ ምላጭና አቅጣጫ መቀየር ግድ ነው። ከርዳዳ ጸጉር ሠርቶ ፎቶ ማሳየት የማይችል ቡድን ዘንድ መተኛት አያስፈልግም።

ማጅራት ላይ ያለው ማከማቻ ያልቃል፤ ብዙ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያወጣው ከ4,000 እስከ 6,000 ግራፍት ነው። «የፈለግከውን ያህል በአንድ ዋጋ» የሚል ቤት ማጅራቱን ብል እንደበላው ጨርቅ ያደርገዋል። ዓለም አቀፉ የጸጉር ማደስ ቀዶ ሕክምና ማኅበር በተደጋጋሚ የሚያስጠነቅቀው ደግሞ ሐኪሙ ሰላም ብሎ ወጥቶ ሥራውን ፈቃድ የሌላቸው ቴክኒሻኖች የሚሠሩበትን ነው። ምላጩን ማን ይይዛል? ቀዳዳውን ማን ይከፍታል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ከመተኛት በፊት ክንድ ላይ ያለውን የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ጠባሳና የጆሮ መበሻውን ማየት፤ አብጦ የቀረ ከሆነ ራስ ላይም ኬሎይድ፣ ማለትም አብጦ የሚያድግ ጠባሳ፣ ሊመጣ ይችላል። ከተላጩ በኋላ ማጅራት ላይ ጠጣር ቡግር የሚያወጡ ወንዶችም መጀመሪያ እሱን ማከም አለባቸው። ጠባሳ አምጪው በሽታ ያለባት ሴት ቢያንስ አንድ ዓመት ጸጥ ካላለላት የተተከለውም ይበላል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የፊቱን ሞልቶ ከኋላው መሳሳቱ ከቀጠለ ደሴት ሠርቶ ይቀራል።

ከሥራው በኋላ ጥቂት ሌሊት ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት፤ በሦስተኛ አራተኛ ቀን ግንባር ያብጣል፣ ይወርዳል። ቅርፊቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ይረግፋል። በወር ውስጥ የተተከለው ጸጉር አብዛኛው ይወድቃል፣ ይህ ውድቀት አይደለም፤ በሦስተኛ አራተኛ ወር ይበቅላል፣ ፍርዱ በ12ኛው ወር ነው። ጸበል ለመጠመቅ ያሰበ ሁለት ሳምንት ይታገሥ፤ ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ግራፍት ይነቅላል። የአዲስ አበባ ፀሐይም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነውና ሰፊ ኮፍያ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጡት ርካሾቹ ናቸው። አንደኛው የሚቀባው መድኃኒት 5 በመቶ ሚኖክሲዲል ነው፣ ለወንድ ፈሳሹ በቀን ሁለት ጊዜ 1 ሚሊሊትር፣ በደረቅ ራስ ቆዳ ላይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፍ ይጨምራል፣ አብዛኛው ሰው የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ካቆሙት ያበቀለው በጥቂት ወራት ይሄዳል። የሚዋጠው ክኒን ፊናስቴራይድ 1 ሚሊግራም ለወንድ ነው፤ ጥቂቶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ የፕሮስቴት የደም ምርመራውን የፒ.ኤስ.ኤ. ቁጥር በግማሽ ገደማ ስለሚያወርድ ለሐኪም መንገር ግድ ነው፣ ነፍሰ ጡር የተሰበረ ክኒኑን አትንካ።

ጸጉር ቤቱ የመጨረሻው ነው፤ ሠሪዎቹ እጃቸው የተባረከ ነው፣ ውጭ የማይገኝ ሹሩባ ይሠራሉ፣ ያ ነው አደጋው። ካውያ ወይም ማለስለሻ በተደረገበት ሳምንት ሹሩባ አይሠራም፤ የለሰለሰ ጸጉር መጎተት አይችልም። ቅቤ ጸጉሩን ያወዛል፣ ፎሮፎር ላለበት ግን ያብስበታል። ሲሠራ ዓይን ወደ ላይ ከተሳበ፣ ወይም ማታ ግንባር ዳር ጥቃቅን ቡግር ከወጣ፣ ጠብቋል ማለት ነው። «ነገ ይለቃል» ቢባልም የግንባሩን ሁለት ረድፍ እዚያው ማስፈታት ነው።