ለእግረኛ አዳኝ ቀላል የዝናብ ልብስ፦ የትኛው ለየትኛው አደን?

ዝናብ ውስጥ የሚያድን ሰው ከሁለት በኩል ይርሳል። አንዱ ከላይ የሚወርደው ነው። ሌላው ከገዛ ሰውነቱ የሚወጣው ላብ ነው። የዝናብ ልብስ ልንገዛ ስንሄድ ግን ጥያቄያችን ሁሉ ስለ መጀመሪያው ነው። «ውሃ ያስገባል?» እንላለን። ከዚያ በእጃችን አንስተን እንመዝነዋለን። ቀለል ያለውን ይዘን እንወጣለን። እኔም ለዓመታት የገዛሁት እንዲህ ነበር። ዳገት ላይ ከላይ ጠብታ ሳይገባ ሸሚዜ ሲጠመቅ ነው ነገሩን ደግሜ ያሰብኩት።

ይህ ንጽጽር መኪናቸውን ጥለው፣ ማደሪያና ስንቅ ተሸክመው፣ ለቀናት በእግር ለሚገቡ አዳኞች ነው። መኪናው አጠገብ የሚያድን ሰው ቢበሰብስ ተመልሶ ይቀይራል። የሁለት ቀን መንገድ የገባ ሰው ግን ያለው የለበሰው ነው። ለአደጋ ደግሞ የግድ ውርጭ አያስፈልግም። ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ፣ ነፋስ ሲጨመርበት፣ የራሰ ሰው ሳያስበው ሙቀቱ ይወርዳል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ሙቀት የማስተላለፍ አቅም አለው። ስለዚህ ስለ ልብሱ ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዝናቡ ሲዘንብ እኔ ምን እያደረግኩ ነው? እየሄድኩ ነው ወይስ ተቀምጬ እየጠበቅኩ?

ስለ «መተንፈስ»

«የሚተነፍስ» የሚባለው የዝናብ ልብስ ታሪክ ብዙ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ፒቲኤፍኢ የተባለውን ፕላስቲክ አሙቆ በአንድ ጊዜ ሲጎትተው እንደ ወንፊት ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን ሆነለት። ጎር-ቴክስ የተባለው ይኸው ነው። በ1976 ልብስ ሆኖ ገበያ ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ በጣም ጠባብ ናቸው፤ ለላብ ትነት ግን ይበቃሉ። ዛሬ በተለያየ ስም የሚሸጡ ብዙ ሽፋኖች አሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ቀዳዳ የላቸውም፤ እርጥበቱን በራሳቸው ውስጥ አሳልፈው ያወጣሉ። ለለባሹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ገደብ አላቸው።

ገደቡ ይህ ነው። ትነቱ የሚወጣው ውስጡ ከውጭው ይልቅ ሲሞቅና ሲረጥብ ነው። ብርድ ባለበት ዝናብ ልብሱ ይሠራል። ሞቅ ባለ ዝናብ፣ አየሩ ራሱ እርጥበት በጠገበበት ጊዜ፣ ትነቱ የሚሄድበት የለውም።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ጥሩ በሚባል ጃኬት ላይ 20,000 የሚል ታገኛላችሁ። አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት 20,000 ግራም ትነት ያስወጣል ማለት ነው። ለ24 ስናካፍለው በሰዓት 833 ግራም ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ከባድ ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል። 833ቱ ደግሞ የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው። እናንተ ጀርባችሁን በቦርሳ ሸፍናችሁታል፤ ትከሻችሁን ማንገቻው ተጭኖታል፤ የጨርቁ ፊት ርሷል። የቀረውን ገምቱት።

በዚህ ምክንያት ከማንኛውም ቁጥር በላይ የማምነው የብብት ዚፕ ነው። ረጅምና በጓንት የሚከፈት ዚፕ ዳገት ላይ የሚሠራውን ሥራ የትኛውም ሽፋን አይሠራም። ጃኬቱ የብብት ዚፕ ከሌለውና እናንተ ብዙ የምትራመዱ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን እኔ አልገዛውም።

ፖንቾ ወይስ ጃኬት?

ፖንቾ እጅጌ የሌለው፣ በጭንቅላት የሚጠለቅ ሰፊ የዝናብ ልብስ ነው። ሲሊኮን የተቀባ የናይለን ፖንቾ ከ200 እስከ 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሰውየውንም ቦርሳውንም አንድ ላይ ይሸፍናል። ከስር ክፍት ስለሆነ አየር እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል። በላብ ጉዳይ የሚስተካከለው የለም። ማረፊያ ላይ ገመድ ታስሮለት ጣሪያ ይሆናል። ያደናችሁትን ስትበልቱ ከስር ይነጠፋል። በአንድ ዕቃ ይህን ሁሉ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው በውሽንፍር ነው። ነፋስ ከስር ገብቶ ያነሳዋል፤ ይርገበገባል፤ ድምፁም ሩቅ ይሰማል። ቁልቁለት ስትወርዱ እግራችሁ የት እንዳረፈ አታዩም። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ በየቅርንጫፉ ይያዛል። በቀስት ለሚያድን ሰው ጭራሽ አልመክርም፤ የላላው ጨርቅ የቀስቱ አውታር ውስጥ ይገባል። ረጅም የእግር መንገድ ላላቸው፣ አደኑም ገላጣ ቦታ ላይ ለሆነ ግን ፖንቾ የናቁትን ያህል አይደለም። መንገዱን በፖንቾ ተጉዞ አደኑን ያለሱ የሚያድን ሰው አውቃለሁ፤ ምርጫው ልክ ነው።

ሁለት ተኩል ወይስ ሦስት ድርብ?

ብዙ ገዢ የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ድርብ የሚባለው ከውጭ ጨርቅ፣ መሐል ላይ ስስ ሽፋን፣ ከውስጥ ደግሞ ሽፋኑን የሚጠብቅ ሌላ ስስ ጨርቅ ያለው ነው። ሁለት ተኩል የሚባለው የውስጡን ጨርቅ ትቶ በምትኩ ቀለም መሰል ነገር የታተመበት ነው። ክብደት የሚቀንሰው በዚህ ነው።

ከሁለት ተኩሎቹ በብዛት የሚታወቀው አውትዶር ሪሰርች የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሂሊየም ጃኬት ነው። 180 ግራም ገደማ ይመዝናል። ተጠቅልሎ ጡጫ ያህላል። ሦስት ድርብ የአደን ጃኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 550 ግራም ነው። ከአደን ልብስ ሠሪዎች ሲትካ ጎር-ቴክስ ይጠቀማል፤ ኩዩ ደግሞ ቹጋች በተባለው ጃኬቱ የጃፓኑን የቶሬ ኩባንያ ሽፋን ይጠቀማል። ሁለቱም እጅግ ርካሽ የሚባሉ አይደሉም።

ልዩነቱ የሚታየው በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ተኩሉ በባዶ ክንድ ላይ ይለጠፋል። የሰውነት ቅባትና የማንገቻው ፍትጊያ የታተመውን ቀለም ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ መጀመሪያ የሚያስገባው ትከሻው ላይ ነው። ጨርቁም ስስ ነው። የክር ውፍረት የሚለካው በዴኒየር ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቀላሎቹ ጃኬቶች 20 ወይም 30 ናቸው። እሾህ ላለበት አገር 40 እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

ፍርዴን ልንገራችሁ። አደናችሁ ደረቅ በሚባለው ወቅት ከሆነና ልብሱን «ምናልባት» ብላችሁ ከያዛችሁት፣ ሁለት ተኩሉን ግዙ። አብዛኛውን ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ለሚውል ልብስ ግማሽ ኪሎ መሸከም አያስፈልግም። ዝናብ እንደሚኖር እርግጠኛ ከሆናችሁ ግን ሦስት ድርብ ግዙ። የሁለቱ ልዩነት ከ200 እስከ 300 ግራም ነው፤ ሩብ ሊትር ውሃ ማለት ነው። እሱን ከሌላ ዕቃ ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ።

ርካሹና ከባዱ

ሁለት አማራጮች በአደን መጽሔቶች ብዙም አይወደሱም። አንዱ ፍሮግ ቶግስ የሚባለው፣ ካልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን የሚሠራ ስስ ልብስ ነው። ጃኬትና ሱሪው አንድ ላይ ቀላል ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም፤ ላብም ደህና ያስወጣል። ነገር ግን አንድ እሾህ እንደ ወረቀት ይተረትረዋል። ገላጣ ተራራ ላይ፣ ማጣበቂያ ፕላስተር ከያዛችሁ፣ ያገለግላል። ጫካ ውስጥ ግማሽ ቀን አይቆይም።

ሌላው ላስቲክ መሰል ሽፋን የተቀባ ሹራብ ጨርቅ ነው፤ የሄሊ ሃንሰን ኢምፐርቴክ ዓይነቱ። ምንም አይተነፍስም። ከባድ ነው። ግን ውሃ ጭራሽ አያስገባም፤ ለስላሳና ጸጥ ያለ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዶፍ በሚወርድበት አገር፣ ብዙ ሳይራመዱ ተቀምጠው ለሚጠብቁ ሰዎች፣ ከውድ ሽፋኖች በላይ ይሠራል። ለእግረኛ ግን ክብደቱ ይጎዳል።

ጸጥታ

ተራራ ወጪ የማያስበውን አዳኝ ማሰብ ያለበት እዚህ ነው። አንድ ጠዋት ካፊያ እየጣለ ወደ አንድ ቀንዳም ተጠግቼ ነበር። አርባ እርምጃ ያህል ቀርቶኛል። ነፋሱ ወደ እኔ ነው። መሬቱ ርሶ እግሬ ድምፅ የለውም። እጅጌዬ አንዲት ቅርንጫፍ ነካ። ኮሽ አለ። አንገቱን ቀና አደረገ፤ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ፤ ከዚያ የለም። ያ ጃኬት ውሃ አላስገባም፤ ክብደቱም ግሩም ነበር። ለአደን ግን አይሆንም ነበር።

ስስና ጠንካራ ናይለን ያንኮሻኩሻል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ፊቱ የተቦረሸ ፖሊስተር ወይም የሚለጠጥ ጨርቅ ጸጥ ይላል፤ ግን ውሃ ይይዛል፣ ይከብዳልም። ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ የሚሰጥ ልብስ አላየሁም። ከሩቅ በጠብመንጃ የሚያድን ሰው የናይለኑን ድምፅ ሊታገሠው ይችላል። በቀስት ለሚያድን፣ ሃያ ሠላሳ ሜትር ድረስ መጠጋት ለሚፈልግ ሰው ግን ጸጥታ ከክብደት ይቀድማል።

ሱፍ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ወስዶም ያሞቃል፤ ቅርንጫፍ ሲነካው ድምፅ የለውም። የኒውዚላንድ አዳኞች የሱፍ ልብስ፣ የአልፕስ አዳኞች ደግሞ ሎደን የሚባለውን ወፍራም ሱፍ ለትውልዶች ለብሰዋል። ግን ለመድረቅ ቀን ይፈልጋል። እኔ ከውስጥ ስስ የሜሪኖ ሱፍ እለብሳለሁ። ካፊያ ከሆነና ወደ እንስሳ እየተጠጋሁ ከሆነ ጃኬቱን አውልቄ ትንሽ መርጠብን እመርጣለሁ።

ስለ ጃኬቱ ቆብም አንድ ነገር። ዝናብ ቆብ ላይ ሲወርድ ጆሮ ውስጥ ከበሮ እንደመምታት ነው። ሌላ ነገር አትሰሙም። ጠርዝ ያለው ባርኔጣ አድርጋችሁ ቆቡን ወደ ኋላ መተው ከቻላችሁ ጆሯችሁ ነፃ ይሆናል። ቆቡ ግን ጭንቅላታችሁ ሲዞር አብሮ መዞር አለበት፤ አለዚያ በአንድ ዓይን ታድናላችሁ።

ሱሪውን አትናቁ

ብዙ ሰው ጃኬት ላይ ገንዘቡን ጨርሶ የተረፈውን ሱሪ ላይ ያደርጋል። አዳኝ ግን የሚንበረከከው፣ የሚቀመጠው፣ በደረቱ የሚሳበው በሱሪው ነው። ውሃ መቋቋም የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ ጨርቁ ስንት ሚሊሜትር ቁመት ያለው ውሃ ጫና ይቋቋማል የሚለው ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኳል እንበል። ጉልበቶቹ መሬት የነኩት 100 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 0.75 ኪሎ ይጫናል። ይህ 7,500 ሚሊሜትር ውሃ ነው። 5,000 የተጻፈበት ሱሪ እርጥብ ሳር ላይ እንዲህ ሲጫኑት ያስገባል። ስለዚህ ለሱሪ 10,000 የመጀመሪያ ደረጃ ይሁን፤ 20,000 ቢሆን ደስ ይላል።

የጎን ዚፑ እስከ ዳሌ የሚከፈት ሱሪ ጥቂት ግራም ይጨምራል። ግን ጭቃ የተሞላ ቦት ሳታወልቁ ታጠልቁታላችሁ። ጌተር (ከጫማው በላይ ቅልጥምን የሚሸፍን ጨርቅ) የምታደርጉ ከሆነ ሱሪው ከላዩ ይውረድ፤ ካልሆነ ከሱሪው የወረደው ውሃ ሁሉ ጫማ ውስጥ ይገባል። ለመቀመጫ ደግሞ 50 ግራም የማይሞላ የስፖንጅ ቁራጭ ያዙ።

የፊቱ ቅባት

አዲስ ጃኬት ላይ ውሃ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው ፊቱ ላይ የተቀባው ውሃ ገፊ ቅባት ነው። እሱ ሲያልቅ ውሃው ወደ ሽፋኑ ባያልፍም የፊቱ ጨርቅ ይርሳል፤ ትነት መውጫ ያጣል፤ ልብሱም ይበርዳል። ያኔ ብዙ ሰው «ጃኬቱ ማስገባት ጀመረ» ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ግን መታጠብ ብቻ ነው የጎደለው። ለዚሁ በተሠራ ሳሙና እጠቡት፤ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ የልብሱ ምልክት ከፈቀደ ለብ ባለ ሙቀት አድርቁት። ሙቀቱ ቅባቱን ይመልሰዋል። ካልመለሰ የሚረጭ ቅባት ይሸጣል። ፍሎሪን የሌላቸው አዳዲስ ቅባቶች ለሰውም ለውሃም ይሻላሉ፤ ግን በቅባትና በጭቃ ቶሎ ይዳከማሉ። ስለዚህ እነሱን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው።

ሱቅ ውስጥ

በሙሉ ልብሳችሁ ሂዱ። ለብርድ የምትደርቡትን ወፍራም ጃኬት ልበሱና ከላዩ ሞክሩት፤ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው በዚያ መልክ ነው የሚለብሰው። ቦርሳችሁን አንግታችሁ የወገቡን ቀበቶ እሰሩ። ኪሶቹ ከቀበቶው በታች ከተቀበሩ ሌላ ፈልጉ። ደረታችሁ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር የምትይዙ ከሆነ ዚፑ በላዩ ይዘጋ እንደሆነ እዩ። እጃችሁን እንደምታነጣጥሩ አድርጋችሁ አንሱ፤ እጅጌው ወደ ክርን ከተሸበሸበ ውሃው ወደ ብብት ይወርዳል። በመጨረሻ ቆቡን አድርጉና እጅጌውን በጎናችሁ ላይ አሹት። ሻጩ ዝም እንዲል ለምኑት፤ የምትሰሙት ኮሽታ እንስሳው የሚሰማው ነው።