ሚኖክሲዲል አረፋ፦ ያበቅላል፣ ግን መጀመሪያ ያስደነግጣል

አናቴ ላይ ፀጉሬ ሳስቶ ለሁለት ስከፍለው የሚታየው መስመር እየሰፋ ስለመጣ የቆዳ ሐኪም 5 በመቶ ሚኖክሲዲል ያለበትን አረፋ አዘዘልኝ። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት የነበረ ሲሆን፣ በሚወስዱት ሰዎች ሰውነት ላይ ፀጉር ሲበዛ በመታየቱ ነው የሚቀባ ሆኖ የተሠራው።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም፤ በቀን አንድ ጊዜ ግማሽ ክዳን ያህሉን ፀጉሩን ገለጥ አድርጎ ቆዳው ላይ ማዳረስ፣ ከዚያም ፊት ላይ ፀጉር እንዳያበቅል እጅን በደንብ መታጠብ ነው። በፈሳሽ መልክ በሚሸጠው ሚኖክሲዲል ውስጥ የሚገባው ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለው ማሟሚያ ኬሚካል አረፋው ውስጥ ስለሌለ የማሳከክ ችግሩም ያነሰ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱ ያረጀውን ፀጉር ገፍቶ ስለሚያስወጣ መርገፉ ይብሳል፤ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ግን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያልፈው። ቀድሞውንም ትራሷንና ማበጠሪያዋን በፍርሃት የምታይ፣ አምፖል አናቷ ላይ የሚያበራበትን ወንበር የምትሸሽ፣ ሰው ከኋላዋ ሲቆም የምትሳቀቅ ሴት በዚያ ሰሞን ብትተወው አይፈረድባትም። ወንድ ሲመለጥ በቀልድ ይታለፋል፤ ሴት ፀጉሯ ሲሳሳ ግን «ምን ነካሽ? አመመሽ እንዴ?» ትባላለች፣ ከከፋትም «ፀጉር አይደል እንዴ፣ ይበቅላል» ተብላ ኀዘኗ እንደ ቅብጠት ይቆጠርባታል። ስለዚህ ሐኪሙም ሆነ ሻጩ መርገፉ እንደሚብስና እንደሚያልፍ አስቀድሞ በግልጽ ሊናገር ይገባል፤ ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ለውጡ መታየት የጀመረው ከአራት ወር በኋላ ነው። መስመሩ ዳር አጫጭር ለስላሳ ፀጉር ወጣ፤ መስመሩ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ፀጉር ቤት ገብቼ ጀርባዬን ለመስታወት ስሰጥ ግን እንደ በፊቱ ሰበብ አልፈልግም፤ ለእኔ ከፀጉሩ ብዛት ይልቅ ዋጋ ያለው ይህ ነው።

ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት አይመከርም። ከወሊድ ወይም ከከባድ ሕመም በኋላ የሚረግፍ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚመለስ፣ መንስኤው ሳይታወቅ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የጀመረችውም ሴት ካቋረጠችው፣ በመድኃኒቱ የበቀለው ፀጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ስለሚረግፍ፣ ወጪውን ለአንድ ጠርሙስ ሳይሆን ለዓመታት አስልታ ትግባበት።