አጂፕ ጋ ያለው የባዮሎጂ ቲቶሪያል እንዴት ነው ላላችሁ

ጅማ ውስጥ አሁን ቲቶሪያል ያልከፈተ የለም፣ አብዛኛው ግን የድሮ ጥያቄ አሸምድዶ ነው የሚልክህ። አጂፕ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለው የባዮሎጂው ይለያል፣ በተለይ ሴሉላር ሬስፒሬሽን (ሴል ከምግብ ኢነርጂ የሚያወጣበት ሂደት) ላይ።

ግላይኮሊሲስን (ግሉኮስ የሚሰበርበትን የመጀመሪያ ደረጃ) ቲቸሩ ቶሎ ነው ያለፈው፣ ሄክሶካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ግሉኮሱ ላይ ፎስፌት ለመለጠፍ ኤቲፒ (ሴሉ የሚጠቀምበት የኢነርጂ ሞለኪውል) ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ፓይሩቬት ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ኤቲፒ ይመልሳል፣ ትርፉ 2 ኤቲፒ፣ አለቀ። ሰዓቱን የጨረሰው ኤቲፒ ሲንቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ላይ ነው፣ ደግ አደረገ፣ ብዙው ኤቲፒ የሚሰራው በሱ ነዋ። ኢንዛይሙ እንዴት እንደሚሰራ ለማሳየት ሶስት ልጆች ክብ ሰርተው ቆሙ፣ አንዷ መሃል ሆና ክርኗን አውጥታ ቀስ እያለች ትዞራለች፣ ክርኗ በደረሰበት ሁሉ ልጆቹ አያያዛቸውን ይቀይራሉ። አንዱ እጁ ክፍት ነው፣ አንዱ ኤዲፒና ፎስፌት (ኤቲፒ የሚሰራባቸውን) ላላ አርጎ ይዟል፣ ሶስተኛው ጭምቅ ሲያደርጋቸው ኤቲፒ ሆኑ። ልጅቷ አንድ ዙር ስትጨርስ 3 ኤቲፒ ወጣ ማለት ነው። ቲቸሩ ምንድነው የሚያዞራት ሲል ግማሹ ክላስ «ኢነርጂ» አለ (ባዮሎጂ ላይ ለሁሉም ነገር ኢነርጂ ማለት ለምዶብናል)፣ እሱ ግን ፕሮቶን ነው አለ፣ ኤሌክትሮን ትራንስፖርት ቼይኑ (ኤሌክትሮን የሚቀባበሉት የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች) ገፍቶ ያወጣው ፕሮቶን በኢንዛይሙ በኩል ወደ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ ሲመለስ ነው የሚያሽከረክረው። እኔን የገረመኝ ግን ጉልበቱ በዋናነት የሚፈለገው ኤቲፒውን ለመስራት ሳይሆን ከኢንዛይሙ ላይ ለማላቀቅ መሆኑ ነው። ይሄን ያለው ሳይንቲስቱ ፖል ቦየር ነው፣ ጆን ዎከር ደግሞ የኢንዛይሙን ቅርጽ በኤክስሬይ አሳየ፣ በፈረንጆች 1997 ኖቤል የተሸለሙትም በዚሁ ስራ ነው።

የሚያናድደው ሃንድአውቱ ነው። ኮፒው ደብዛዛ፣ ይባስ ብሎ ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይላል፣ ቲቸሩ ራሱ እኮ አንድ ኤንኤዲኤች (ለቼይኑ ኤሌክትሮን የሚያቀብለው ሞለኪውል) 3 ኤቲፒ ሳይሆን 2.5 ገደማ ስለሚያስገኝ አሁን 30 ወይ 32 ነው የሚባለው ብሎ አስረድቷል፣ ታዲያ ብር እየተከፈለበት ለምን አያስተካክሉትም?? የዛን ቀን የቀረ ልጅ 38ን ይዞ ፈተና ይገባል።

ክፍሉም ጠባብ ነው፣ ከኋላ ከተቀመጥክ ቦርዱ አይታይም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የጅማ ዝናብ ከጀመረ ደግሞ እስኪያባራ ቁጭ ነው። ቢሆንም በኔ ግምት ለዚህ ቲቸር ሲባል ያዋጣል። የወሩን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክላስ በነጻ ያስገባሉ፣ ራሳችሁ ጠይቁ እንጂ አይነግሯችሁም። ከቻላችሁ የቅዳሜ ጠዋቱን ያዙ፣ የከሰዓቱ መቀመጫም የለው።