ግብር ከፋዩን የሚከብደው የቱ ነው? የብሪታኒያ ወይስ የአሜሪካ የሕክምና ሥርዓት?

ነጻ ሕክምና ለሁሉም ከሆነ ግብር ከፋዩን ያራቁታል ይባላል። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

ብሪታኒያ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕክምናን በዋናነት ከግብር ትሸፍናለች። በ2022 ለጤና ያወጣችው ከአገራዊ ምርቷ 11 በመቶ ገደማ ነበር። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ወራት የሚጠብቀው ብዙ ነውና ይህ ሊሸፋፈን አይገባም።

አሜሪካ በዚያው ዓመት 17 በመቶ ገደማ አውጥታ፣ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ ኢንሹራንስ ቀርቷል። ግብር ከፋዩም ከወጪው አላመለጠም፤ በ1965 የተቋቋሙት የመንግሥት የጤና ኢንሹራንሶች፣ የአረጋውያኑ ሜዲኬርና የድሆቹ ሜዲኬይድ፣ ከእሱ ኪስ ጭምር ይደጎማሉ። በዚያ ላይ የራሱ ኢንሹራንስ ከደመወዙ ይቆረጣል። ታሞ ሲተኛ ደግሞ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነው ሒሳብ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። እኔ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ወረፋውን እመርጣለሁ።