«ፒፕል» ላይ የተደረበች «ኤስ»፦ በባሕር ዳር ያገኘሁት የእንግሊዝኛ እርማት ቤት

የጀልባ ጉዞ አስተባባሪ በመሆኔ፣ ወደ ዘጌ ለሚሻገሩ የውጭ እንግዶች የምናድለውን ባለ ሁለት ገጽ በራሪ ወረቀት ባለፈው ወር ከጣና ዳር ብዙም ወደማይርቅ አንድ የትርጉምና የእርማት ቤት ወስጄ ነበር። ወረቀቱ ቀደም ሲል በሌላ ቤት ተተርጉሞ 500 ቅጂ ከታተመ በኋላ ነው አንድ እንግዳ ስህተቱን ያሳየን፤ «አሥራ ሁለት ሰዎች» የሚለው «ትዌልቭ ፒፕልስ»፣ «የዘጌ ሕዝብ ቡና ያመርታል» የሚለው ደግሞ «ዘ ፒፕል ኦፍ ዘጌ ግሮውስ ኮፊ» ተብሏል። በእጅጉ አፍሬአለሁ።

አራሚዋ ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግታ ትርፍ የሆኑትን «ኤስ»ዎች አንድ በአንድ በእርሳስ እየሰረዘች ምክንያቱን አስረዳችኝ። «ፒፕል» ራሱ የ«ፐርሰን» ብዙ ቁጥር ስለሆነ ሌላ ማብዣ አይሻም፤ ግሱም «ኢዝ» ሳይሆን «አር» ነው። የሚያሳስተን የገዛ ቋንቋችን ነው፤ «ሰዎች» ማለት ስለለመድን እንግሊዝኛውም ላይ ማብዣ እንደርባለን፣ «ሕዝቡ መጣ» ስለምንል ደግሞ ግሱን በነጠላ እናስኬዳለን። (በአፍ እንደምንለው «አሥራ ሁለት ሰው» ብሎ ያሰበ ተርጓሚ የመጀመሪያውን ስህተት ባልሠራ ነበር።)

ይበልጥ የወደድኩት «ፒፕልስ»ን በጅምላ አለመኮነኗ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚለው በእንግሊዝኛ «ኔሽንስ፣ ናሽናሊቲስ ኤንድ ፒፕልስ» የተባለው፣ የሚቆጠሩት ግለሰቦች ሳይሆኑ የየራሳቸው ማንነት ያላቸው ሕዝቦች በመሆናቸው እንደሆነ ነገረችኝ። ጀልባችን ላይ የተለጠፈውን «ማክሲመም 12 ፐርሰንስ» የሚለውንም ሳትነካው አለፈች፤ በማስታወቂያና በሕግ ነክ ጽሑፍ የተለመደ ነውና።

ለአንድ ገጽ የተከፈለው 150 ብር ለዚህ ሥራ አይበዛም። ይሁን እንጂ በሁለት ቀን ይደርሳል የተባለው አምስት ቀን ፈጅቷል፤ እርማቱም ወረቀት ላይ ብቻ ስለነበር ሶፍት ኮፒውን ራሴ ቁጭ ብዬ ማስተካከል ነበረብኝ። አሁን የገዳማቱን መግለጫ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በዚህኛው ግን ሶፍት ኮፒውንም አርመው እንዲያስረክቡኝ አስቀድመን ተስማምተናል።