የምታጓራውን ሲአርቪዬን በዘይት ብቻ ላዳኑልኝ ጋሼ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ ባለመኪኖች፣ ይህችን አንብቡልኝ። የአንድ መካኒክ ምስጋና አለብኝ።

መኪናዬ የድሮዋ ሆንዳ ሲአርቪ ናት፣ ፎር ዊሏ። መሪ ሙሉ ጠምዝዤ ቀስ ብዬ ስታጠፍ ከኋላ እንደ ኮርማ ማጓራት ጀመረች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ዲፍረንሻሉ አልቆለታል፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ግዛ» አሉኝ። ዲፍረንሻል ማለት ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ ነው። ዋጋውን ስሰማ በዚያ ብርድ አላበኝ።

ጓደኛዬ ነው ወደ ጋሼ የላከኝ። ምንም ሳያወርዱ ግቢው ውስጥ ሁለቴ አዞሯት። ከዚያ ከሥር ገብተው መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፈቱ። «መፍሰሻውን ቀድመህ ፈትተህ መሙያው እምቢ ቢልህ፣ መኪናህ እዚሁ አደረች ማለት ነው።» የወረደውን ዘይት በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። «ልጄ፣ ተራ ዘጠና የማርሽ ዘይት ነው የሞሉልህ።»

ያስረዱኝ በጠላ ምሳሌ ነው። ዲፍረንሻሉ ላይ ሁለት የዘይት ፓምፖች አሉ። አንዱን ከፊት የሚመጣው ሻፍት ያዞረዋል፣ ሌላውን የኋላ ጎማዎቹ። «የፊተኛው ቀጂ፣ የኋለኛው ጠጪ በለው። እኩል ከሄዱ ሰላም ነው። የፊት ጎማ ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ግን ቀጂው ይፈጥናል፣ ጠጪው አይደርስበትም።» የተረፈው ዘይት መሄጃ ሲያጣ ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያሉ ዲስኮችን ጭምቅ ያደርጋል፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ያልፋል። ኮምፒውተር የለ፣ ማብሪያ የለ።

ኩርባ ላይስ? የፊት ጎማ ከኋላው ትንሽ ይበልጥ ይዞራላ! ለዚህ ሲባል የኋለኛው ፓምፕ በ2.5 በመቶ ይበልጣል። ጠጪው ትንሽ ሆደ ሰፊ ነው ማለት ነው። የእኔዎቹ ዲስኮች ግን ባልሆነ ዘይት ተነክረው ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ነበር። ጩኸቱ እሱ ነው።

ትክክለኛውን የሆንዳ ድዩዋል ፓምፕ ዘይት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ አንድ ሊትር ገደማ ነው የሚፈጀው። ሞሉትና ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ እንድነዳ አደረጉኝ። ዘይቱ ዲስኮቹ መሃል እንዲገባ ነው። አንዴ አጉረመረመች፣ ከዚያ ዝም።

«በሐምሌ አንኮበር ልውረድባት?» አልኳቸው። «ይቺ ላንድክሩዘር አይደለችም። ፊቷ ካልተንሸራተተ ኋላዋ አይነሳም» አሉኝ። ደንበኛን አለማታለል ይሄ ነው።

ያስከፈሉኝ የዘይት መቀየሪያ ብቻ ነው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሥራ ላይ ስልክ አያነሱም። ጠዋት በአካል ሂዱ፣ ጃኬት ደርባችሁ።